ኢንተርቪውና ሽማግሌ በአንድ ጠዋት

ራምዚን ያወቅሁት ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ቆሜያለሁ፣ እሱ ተቀምጧል። ቦርሳዬን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አደረገው።

«ምን ብትይዢ ነው እንዲህ የከበደው?»

«ላፕቶፕ ነው። አደራህን፣ እንጀራዬ እሱ ነው።»

ሳቀ። ወይኔ፣ ያን ቀን ባይስቅ ኖሮ ይሄን ሁሉ ጣጣ ባላየሁ!

እሱ ወልቂጤ ሒሳብ ያስተምራል። እኔ የባክኤንድ ባለሙያ ነኝ፤ ሰው ስልኩ ላይ ከሚያየው መተግበሪያ ጀርባ ያለውን ሥራ ነው የምሠራው። አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለኢንተርቪው ሲጠራኝ፣ ጠያቂ ሆኖ የሚያለማምደኝ ራምዚ ነበር። ድምፁን ያጎረንንና ይጀምራል።

«ወይዘሪት ሰልሚያ፣ ሚሊዮን ሰው ባንዴ ቢያንኳኳ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ወረፋ አስይዛቸዋለሁ።»

«እኔንም?»

ቀና ብዬ አየዋለሁ። እሱም ያየኛል። ከዚያ ሁለታችንም ዓይናችንን ወደ ስክሪኑ እናሸሻለን።

አንድ ነገር ግን ደብቄው ነበር። ካለፍኩ ሥራው ናይሮቢ ነው። ልነግረው ስል አፌ ይያዛል፤ ነገ፣ ነገ እያልኩ ከረምኩ። ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ሲነግረኝ እንኳ እሺም እንቢም ሳልል ቀረሁ። እንዳላጣው ፈርቼ ነበር።

ለአረፋ ቡታጅራ፣ አባቴ ቤት ገባሁ። ኩባንያው ኢንተርቪውን የበዓሉ ማግስት ላይ ጣለው፤ ለእነሱ ተራ ማክሰኞ ነዋ። እኛ ጋ ግን ዘመድ ከየአገሩ የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌም የሚላክበት ሰሞን ነው።

ጓዳ ገብቼ ጠያቂዋን በስክሪኑ ሰላም እንዳልኳት፣ ከደጅ «አሰላሙ ዐለይኩም!» ሲባል ሰማሁ። የራምዚ አጎት ጋሽ ሸረፋ ናቸው፤ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለዋል።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ አባቴ።

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም፣ ወንድሜ ሰማን» አሉ ጋሽ ሸረፋ አባቴን። « ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

«ልጅቷ ፈተና ላይ ናት። እሷን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም።»

«እንግዲያው ቆመን እንጠብቃለን።»

እውነትም ቆሙ! እኔ ከጓዳ ኮድ እጽፋለሁ፣ እነሱ ሳሎን ይስላሉ። መጨረሻ ላይ ጠያቂዋ እንዲህ አለችኝ፦

«ጥያቄ የላክሽለት ሲስተም መልስ ባይሰጥሽ፣ እስከ መቼ ትጠብቂያለሽ?»

«ገደብ አስቀምጣለሁ። መልስ የማይሰጥ አንድ ሲስተም ከኋላው ያለውን ሁሉ ያግታል።»

ትክክል ነው አለች። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሰውን መልስ ነፍጌ የያዝኩት እኔው አይደለሁ?

ጨርሼ ስወጣ ጋሽ ሸረፋ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።

«ምን ልበላቸው፣ ልጄ?» አለኝ አባቴ።

«ከቀጠሩኝ ናይሮቢ ልሄድ ነው፣ አባ። ራምዚ አያውቅም። ይህን ሳያውቅ እሺ ብል ማታለል ይሆንብኛል።»

«ያ አላህ!» አሉ ጋሽ ሸረፋ። «ልጅ ልንወስድ መጥተን ልጅ ልንሰጥ ነው?» ስልካቸውን አውጥተው ደወሉለት፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈቱት።

«አንተ፣ ይቺ ልጅ ናይሮቢ ልሄድ ነው ትላለች። ሰምተሃል?»

በቃ፣ አከተመ አልኩ በልቤ።

«አውቃለሁ፣ አጎቴ» አለ ራምዚ። «የሥራ ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ። ራሷ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት። ፓስፖርትም አውጥቻለሁ፤ ሒሳብ እዚያም ሒሳብ ነው።»

«ባይቀጥሯትስ?»

«ባይቀጥሯትማ እሷው አለችልኝ። እኔ እሷን ጠየቅሁ እንጂ ናይሮቢን መቼ ጠየቅሁ?»

እንባዬ ቀደመኝ። ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብኩና «እሺ በላቸው፣ አባ» አልኩ። ኢንተርቪው ላይ እንኳ ድምፄ እንዲህ አልተንቀጠቀጠም።