ከበሩ ጎማ ጋር የመጡት ሰውዬ

ወዳጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ ጂኒ፣ ቆሌ፣ ሙት መንፈስ የሚባለውን ነገር በልጅነቴም ያልፈራሁ፣ ደሴ ውስጥ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ ይባስ ብሎም በዚያ በደርግ ዘመን በቀበሌያችን የውይይት ክበብ ፊት ቆሜ «አጉል እምነት የኋላቀርነት ምልክት ነው» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያስረዳሁ ሰው ነኝ፣ አማቴ እማማ ዘሃራም ከፊት ረድፍ ተቀምጠው እያዛጉ ሰምተውኛል። ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ፣ ይኼ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ያለ ወሬ ይወድ ነበር እንዳትለኝ።

ያኔ አንዲት ጣሊያን ሠራሽ አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ሞተሯ ደህና ነው፣ ችግሯ በሮቿ ላይ ነበር፣ በሩ ሲዘጋ ነፋስና አቧራ እንዳይገባ ዙሪያውን የሚለጠፈው ጎማ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ግማሹም ረግፎ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ እንደ ዋሽንት ታፏጫለች፣ ስትመለስ ደግሞ ከወፍጮ ቤት የወጣህ መስለህ ትወርዳለህ። እኔ ለምጄው ነበር፣ ባለቤቴ ሀሊማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እስክትወልድ ድረስ።

ልጁ ቀኑ ሳይደርስ የመጣ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽዬ ነገር ነበር። ከእሱ በፊት የነበረችውን ልጃችንን ብርድ ሳንባዋን መቷት አጥተናታል። ሐኪሙ «ነገ ትወጣላችሁ፣ ብቻ ብርድ እንዳያገኘው» ሲል፣ እማማ ዘሃራ ወደ እኔ ዞሩ።

«በዚያች በምታፏጭ ነገር ነው አራሷን የምትወስድልኝ? ወላሂ አላስነካህም!»

«ጎማውን ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ እማማ።»

«ቀይረህ አሳየኝ። ኸዚያ በፊት ልጄም የልጅ ልጄም ኸዚህ ንቅንቅ አይሉም።»

ደሴን ዞሬ አጣሁ፣ በዚያን ዘመን የአዲስ ዕቃ መልሱ «የለም» ነው። ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ከገበያው ጀርባ የሞቱ መኪናዎችን ዕቃ እየፈቱ የሚሸጡ አያ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ አሉ ተብዬ። መጀመሪያ ያመጡልኝ የጭነት መኪና የበር ጎማ ነው፣ ወፍራምና ደረቅ፣ በሩ ላይ አድርገን ብንገፋ፣ በትከሻ ብንለው፣ አልዘጋ አለ። ቀጥሎ ፍራሽ የመሰለ ስፖንጅ አወጡ፣ እኔ ልስማማ ስል ራሳቸው ቀሙኝ።

«ተወው መምህር፣ ይኸ ውሃ ይጠጣል፣ ክረምት ሲገባ መኪናህ ውስጥ ጎመን ታበቅላለህ።»

በመጨረሻ ከአንድ ሣጥን ውስጥ መሃሉ ባዶ የሆነ፣ ጥቁር፣ ለስላሳ ጎማ አወጡ፣ በጣት ጫን ስትለው እሺ ይላል፣ ስትለቀው ተመልሶ ይነሳል፣ እመነኝ፣ እንዲህ ያለ ጎማ በዚያ አገር አላየሁም።

«ከምን መኪና የወጣ ነው?»

«ኸአንድ ትልቅ ሰው መኪና።»

«ባለቤቱስ?»

«ሄደዋል።»

በዚያን ዘመን ትልቅ ሰው «ሄደዋል» ከተባለ፣ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

የድሮውን ማስቲሽ በቢላ ፍቀን፣ በቤንዚን ጠርገን፣ አዲሱን መለጠፍ ጀመርን። አያ ይማም «ጥጉ ላይ አትወጥረው፣ ልል አርገው፣ ኋላ ይሸሻል» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ እቸኩላለሁ። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ በሩ ላይ ወረቀት አስይዘህ ትዘጋና ትስበዋለህ፣ ወረቀቱ ከመጣ ነፋስም ይመጣል። ሦስቱን በሮች ሞከርኩ፣ ወረቀቱ ንክች አላለም፣ አራተኛውን እንደነሱ ነው ብዬ ተውኩት።

«አብሽር፣ አላህ ያቃናልህ» ብለው ሸኙኝ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ መውጣት ጀመርኩ።

ወዳጄ፣ ያ ዝምታ! ፉጨት የለ፣ አቧራ የለ፣ ደስ ብሎኝ ለብቻዬ ሳቅሁ። ዳገቱ መሃል ላይ ጉም መጣ፣ መብራት አብርቼ ቀስ አልኩ፣ ይኼን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ የሰማሁ መሰለኝ። ሞተሩ ነው አልኩ። ቀጥሎ የኋላ ወንበሩ ሽቦ ሲጥ አለ፣ ልክ ከባድ ሰው ተመቻችቶ ሲቀመጥ እንደሚለው። መንገዱ ነው አልኩ።

«አንተ ልጅ» አለኝ አንድ ረጋ ያለ፣ ማዘዝ የለመደ ድምፅ፣ «በግራ በኩል ነፋስ ይገባል።»

ምን ብል ጥሩ ነው? የወሎ ልጅ አይደለሁ፣ ትልቅ ሰው ሲናገረኝ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል፣ «ይቅርታ አባቴ፣ አሁን አየዋለሁ፣ እርስዎ አይነሱ፣ ይቀመጡ ይቀመጡ!» አልኩና ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ነው መኪናው ውስጥ ብቻዬን መሆኔ ትዝ ያለኝ።

እንዴት እንዳቆምኩ አላውቅም። ወርጄ ከሩቅ አየሁ፣ ማንም የለም። ግን የኋላው የግራ መስታወት፣ እሱ ብቻ፣ ከውስጥ በትንፋሽ ደብዝዟል። ያልሞከርኩት በር ይኸው ነው። ወረቀት አስይዤ ዘጋሁት፣ ስስበው ሹልክ ብሎ መጣልኝ፣ ጥጉ ላይ ወጥሬው ጎማው ሸሽቷል። ነቅዬ አላልቼ እንደገና ለጠፍኩት። ስጨርስ ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ ብዬ «አሁንስ እንዴት ነው?» ማለቴን ለሰው እንዳትነግርብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቦሩ ሜዳ ስደርስ ዓይኔ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ጎማውን ብነቅለው ልጁን ብርድ ይመታዋል፣ ብተወው ደግሞ ሰውየው አሉ። ሌላ የማማክረው ስለሌለ ለእማማ ዘሃራ በጆሯቸው ነገርኳቸው፣ እንደሚስቁብኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አልሳቁም።

«ሲናገርህ ምን አልኸው?»

«ይቀመጡ አልኳቸው።»

«ወይ አንተ! ያላየኸውን እንግዳ ይቀመጡ ትላለህ? ተጋብዞ የተቀመጠን ሰው እንግዲህ ማን ያስነሳልሃል?»

ወደ መኪናው ሄዱ፣ የኋላውን በር ከፈቱ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «አሰላሙ አለይኩም። አራስ ይዘናል፣ እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን።»

ወንበሩ ሲጥ፣ ሲጥ አለ። እማማም አመስግነው ሀሊማን ልጁን እንዳቀፈች መሃል አስገቧት፣ እሳቸው በቀኝ ተቀመጡ፣ የግራውን ቦታ ማንም አልነካውም። የክበቡን ትምህርት ሁሉ በአንድ ሰላምታ አፈረሱብኝ።

ደሴ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር አስቆመን። መታወቂያችንን አየና ወደ ኋላ አንገቱን አስገባ።

«የሽማግሌውስ?»

እኔ ወደ ኋላ መዞር ፈራሁ። እማማ ግን ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ፣ «አባቴ ናቸው፣ ወረቀታቸው ጠፍቶ ነው የኔ ልጅ» አሉ። ወታደሩ የግራውን ጥግ ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ፣ ከዚያ ተረከዙን ገጭ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ገመዱን አወረደልን። ለማን እንደሰጠ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም።

ቤት ደረስን። እማማ ልጁን ገለጥ አድርገው ጉንጩን ዳሰሱ፣ ሞቆታል፣ እጁ ሞቆታል፣ እግሩ ሞቆታል፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሀሊማ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች ቀና አለች።

«ሰውየው የት ወረዱ? ሳላመሰግናቸው።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«መንገዱን ሙሉ በጋቢያቸው ልጁን ሲከልሉልኝ የነበሩት ናቸዋ! ስሙን በሹክሹክታ ጠየቁኝ፣ ገና አላወጣንለትም አልኳቸው።»

«እሺ፣ ምን አሉሽ?»

«ስሙን ሳልሰማ አልሄድም አሉ።»

እማማ ዘሃራ ከልጁ ላይ ቀና ሳይሉ፣ «ስሙ እዚያች መኪና ውስጥ እንዳይጠራ» አሉ፣ ቤቱ ውስጥ ያንን ያህል ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ልጁ ዛሬ ጢም አብቅሏል፣ ከእኔም ይረዝማል። መኪናዋ ግቢያችን ቆማለች፣ ዛሬም ነፋስ አታስገባም። እሷ ውስጥ ሲገባ እኔም፣ እናቱም፣ ማሙሽ ነው የምንለው፣ በቀደም የሚያገባትን ልጅ ይዞ ሲሳፈር እሷንም ጠርተን አስጠንቅቀናታል፣ ልጁ በእፍረት ሊሞት ደረሰ። ይፈር። ሰውየው ስሙን ሲሰሙ እንደሚሄዱ ነግረውናል፣ ብቻቸውን ይሂዱ ወይም ይዘውት ይሂዱ ግን አልነገሩንም።