የሲጋራ ዋጋ የማያውቀው ሰው

ኡንሪም ሃክሱን መጀመሪያ ያየችው በአንዲት የደቡብ ኮሪያ የወደብ ከተማ፣ ከትምህርት ቤቱ መግቢያ፣ ከጫማ መደርደሪያው ፊት ነው። ወሩ መጋቢት፣ ውጭው ጭቃ ነበር። ሁሉም የውጭ ጫማውን አውልቆ በነጠላ ጫማ ወደ ክፍሉ ይጣደፋል። አዲሷ የታሪክ መምህርት ኡንሪም ግን ቁጢጥ ብላ የጫማዋን ሶል ሳይቀር በጨርቅ ትወለውላለች።

«ሊጫሙት ነው ወይስ ሊበሉበት?»

ቀና አለች። አንድ ረጅም ሰው ቆሞ ያያታል።

«የሒሳብ መምህሩ እርስዎ ነዎት መሰለኝ።»

«በምን አወቁ?»

«እጅጌዎ ጠመኔ ነው። ቀልድዎም ደረቅ ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። በሚያዝያ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» እና «አንቺ» መጣ። በግንቦት ከሥራ በኋላ በወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጠው የደረቀ ዓሣ መሻማት ለመዱ። ብዙ አይነጋገሩም። እሱ ባሕሩን የሚያይ መስሎ እሷን ያያል፤ እሷም እያወቀች ዝም ትላለች። ሊያገባት እንደሚፈልግ ሲነግራት፣ «መጀመሪያ አባቴን ታያለህ» አለችው።

ሰኔ ገባ። ሰኔ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ጦርነቱ የተነሣበት ወር ስለሆነ፣ የኮሪያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ኮሚኒስትን በሚያወግዝ ንግግር ያወዳድሩ ነበር። ጦርነቱ ከቆመ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የልማዱ ነፍስ ግን አልወጣችም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዘንድሮም የውድድሩን ርዕስ ለጥፏል።

ኡንሪም ክፍሏ ገብታ ሰሌዳው ላይ የሰቀለችው ግን ሌላ ወረቀት ነው፤ በልጅነቷ በየግድግዳው የተለጠፈ ማስታወቂያ። ጎህ ሲቀድ ከተራራ የሚወርድ፣ ጫማው ጭቃ የሆነ፣ የሲጋራ ዋጋ የማያውቅ ሰው ካያችሁ ከሰሜን ሰርጎ የገባ ሰላይ ነውና ለፖሊስ ጠቁሙ ይላል።

«በዚህ መሠረት ከመካከላችሁ ሰላዮቹን ፈልጉ» አለቻቸው።

ሃያ ደቂቃ አልፈጀባቸውም፤ ዘጠኝ ሰላይ አወጡ።

«ቲቸር፣ ዮንግዴ የሲጋራ ዋጋ አያውቅም» አለች ከፊት የምትቀመጠው ቦራ።

«ባውቅ ደግሞ እናቴ ትገድለኛለች» አለ ዮንግዴ።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«አንድ ገበሬ ነበር» አለች። «ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በመከር በዓል ሰሞን፣ ከተራራ እንጉዳይ ለቅሞ በማለዳ ሲመለስ መንታ መንገዱ ላይ ካለችው ሱቅ ገባ። ለሚስቱ ወንድም ለበዓል ሲጋራ ሊገዛ ፈልጎ ነው። ራሱ አያጨስም፤ ዋጋውን ጠየቀ። እዚያ የነበረ ልጅ ጫማውን አይቶ ሮጦ ለፖሊስ ተናገረ። ሰውዬው አራት ዓመት ታሰረ። በምርመራ የሰበሩት ግራ እጁ እስከ ዛሬ አይጨብጥም። ትልቁ ልጁ የመርከበኛ ፈተና አንደኛ ቢወጣም፣ ፋይሉ ላይ ‹የሰላይ ልጅ› ተብሎ ስለተጻፈ የሚቀጥረው አጣ። ትንሿ ልጁ ሥራ ያገኘችው ያ አሠራር ከቀረ በኋላ ነው። ሰውዬው ከእስር ከወጣ ወዲህ ጫማውን ሳይወለውል ከደጅ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹንም ይህንኑ አስለመደ። ያ ሰው አባቴ ነው።»

በሩ ላይ፣ ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ሊያስተምር የመጣው ሃክሱ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በወደቡ ግንብ ላይ አገኘችው። ዓሣ አልያዘም።

«ሱቋ የአክስቴ ነበረች» አለ። «ልጁ እኔ ነኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። የሰውዬውን ስም ማንም አልነገረኝም፤ ‹ሰላይ አስያዝክ› ብቻ አሉኝ። ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ አጨበጨበልኝ። ሁለት ደርዘን እርሳስ ሸለሙኝ።»

ኡንሪም ወደ እሱ ዞረች።

«እርሳሶቹን ምን አደረግካቸው?»

«ጻፍኩባቸው። ሒሳብ የተማርኩት በነሱ ነው።»

«ልጅ ነበር፤ ምን ያውቃል» የሚሉ አይጠፉም። እንዲህ እያሉ እንቅልፋቸውን የሚለጥጡ ሰዎች ዛሬም አሉ። ጭቃን ወንጀል ያደረገው፣ ሕፃንን በጎረቤቱ ላይ ያሰማራው ግን ሕፃን አልነበረም፤ ደመወዝ የሚበላ፣ ማኅተም የጨበጠ ትልቅ ሰው ነበር። ኡንሪም ይህን ታውቃለች፤ የምታስተምረውም ይህንኑ ነው። ማወቅና ይቅር ማለት ግን ለየቅል ናቸው።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«ለኔ ለብቻዬ ነገርከኝ። ያጨበጨቡልህ ግን በአደባባይ ነው።» ተነሣች። «ይቅርታውንም በአደባባይ ጠይቅ፤ ከልጆቹ ፊት። ያን ጊዜ አባቴን ታያለህ። ካልቻልክ በመደርደሪያው በኩል ስታልፍ ሰላም እንዳትለኝ።»

በማግስቱ ሃክሱ ምክትሉን ፈቃድ ጠየቀ።

«የሴት ነገር አገርህን አያስረሳህ» አለው ምክትሉ። «ይህ ከመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከተናገርክ ቀጣዩ ምድብህ ደሴት ነው። ለዓሣ ሒሳብ ታስተምራለህ።»

«ዓሣ አይጠቁምም፣ ጌታዬ።»

ወሬው ከመምህራኑ ክፍል ሲደርስ ኡንሪም ፈገግታዋን በደብተር ሸፈነች። ቤቷ ገብታም ለአባቷ ሁሉን ነገረችው። ሽማግሌው ጨርቁን አንሥቶ ንጹሑን ጫማ ወለወለ።

ሐሙስ ጠዋት መግቢያው ላይ ስትደርስ እግሯ ተገታ። ከመምህራኑ ጫማ መሐል አንድ ያረጀ ጥቁር ጫማ ተቀምጧል፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የእርሻ ጭቃ ተለስኖበታል። ጫማውን ታውቀዋለች። ጭቃ ነክቶት ግን አይታ አታውቅም።

አባቷ ከክፍሉ ኋላ ወንበር ላይ፣ ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ምክትሉ በሩን ተደግፎ ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነፋስ ገባ» አለች ቦራ፤ ተነሥታ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው።

ሃክሱ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ጠመኔ አላነሣም።

«ስለ ሰላዩ የታሪክ መምህርታችሁ ነግራችኋለች። ጠቋሚውን ደግሞ እኔ ላሳያችሁ። እዩኝ።»

ሁሉንም ተናገረ፤ ጫማውን፣ ጭብጨባውን፣ እርሳሶቹን። ሲጨርስ ያን የማይጨብጥ እጅ አይቶ ሽማግሌውን ለየው። ሄዶ ተንበረከከና ግንባሩን ከወለሉ አስነካ።

ሽማግሌው ቁልቁል አየው።

«ለመሆኑ፣ ሲጋራ ዛሬ ስንት ገባ?»

ሃክሱ ቀና አለ። «አላውቅም፣ አባባ። አላጨስም።»

«እንግዲያው አንተም ሰላይ ነህ።»

ዮንግዴ ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። ሽማግሌው ግን እንደተኮሳተረ ነው።

«እሁድ ቤት ና። እኔው እመረምርሃለሁ። ኡንሪም ታምጣህ።»

ኡንሪም በሁለቱ ሰዎች መሐል ቆማ አንገቷን ቀና አደረገች። እንዲያ ቀና ብላ መቆም እንደምትችል እስከዚያን ቀን አታውቅም ነበር።

በመከር ተጋቡ። ምክትሉም ቃሉን አላጠፈም፤ ሃክሱ ደሴት ሲመደብ እሷም ዝውውር ጠይቃ አብራው ሄደች። በዚያች ትንሽ ትምህርት ቤት መግቢያ፣ መደርደሪያው ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሁለቱም ጭቃ ናቸው።