የካራሱሃማ የማለዳ ጥሪ

በጃፓን አገር፣ ሾዋ በሚባለው ዘመነ መንግሥት በስምንተኛው ዓመት፣ በሦስተኛው ወር መግቢያ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ያሉት ኮረብቶች በረዷቸውን ገና አላራገፉም ነበር። ባሕሩ በሁለት ባለ ጥድ ተራሮች መካከል እየጠበበ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በጠበበው ጫፍ ካራሱሃማ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ተቀምጣለች፤ ከመንደሩ በላይ የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ ከቤተ መቅደሱም በላይ የኩማጋይ ቤት ድሮ የሐር ትል ያረባበት የነበረ ጎጆ ይታያል።

በዚህ ጎጆ ውስጥ በየማለዳው የሚቀመጠው ሰው ኩማጋይ ሴይሳኩ ይባል ነበር። ትውልዱ ከሌላ ቤት ነው፤ የመረብ አለቃው ኩማጋይ ጄንኤሞን ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፣ ለአንዲት ሴት ልጃቸው ለታዮ ባል፣ ለቤታቸውም ስም ወራሽ ይሁን ብለው ያስገቡት ሰው ነበር። ቀን ቀን የአማቱን ጀልባዎች ጭነት ይቆጣጠራል፤ ልቡ ግን ከጎጆው አይወጣም። የመዳብ ሽቦ በቀርከሃ ላይ ጠምጥሞ፣ ከአሮጌ መሣሪያ የተነቀለ የራዲዮ አምፖል ለምኖ አግኝቶ፣ መልእክት የሚልክና የሚቀበል ራዲዮ በገዛ እጁ ሠርቷል፤ የአየር ሽቦውንም ዓሣ ከሚሰጣባቸው ገመዶች ጋር አመሳስሎ ከጥድ ወደ ጥድ ዘርግቶታል። ፈቃድ አልነበረውም፤ በዚያ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለጥቂቶች ብቻ ነበር የሚፈቅደው፤ ያለ ፈቃድ የተገኘም ወኅኒ ይወርዳል።

ማለዳ ማለዳ፣ ሻዩ ሳይፈላ፣ በሴንዳይ ከተማ ከሚኖር ኡራቤ ከተባለ ባለ ፈቃድ መምህር ጋር በሞርስ፣ በአጭርና በረጅም የምት ምልክት፣ ይጫወታል። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ኡራቤ ስለ ሚስቱ ሳል ይነግረዋል፤ ሴይሳኩ ስለ ማዕበሉ። አንዱ «ዛሬ ድምፅህ ቀጥኗል» ሲል ሌላው «ሽቦዬ ላይ ቁራ ተቀምጧል» ብሎ ይመልሳል። ይኸው ነበር ወንጀላቸው።

ጄንኤሞን ግን ነገሩን ሲያስቡት ደማቸው ይፈላ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ከአየር ጋር ስታወራ ትውላለህ። አየር ዓሣ ይሰጣል?»

«አይሰጥም፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ፖሊስ ደጄን ሳይረግጥ ያንን ቆርቆሮህን ባሕር ክተተው!»

ሴይሳኩ «እሺ» ይላል፤ በማግስቱም ወደ ጎጆው ይወጣል።

የባሕሩ መዓት የመጣው አንድ ሌሊት መንደሩ ተኝቶ ሳለ ነው። መጀመሪያ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያም እንደ ተራራ ቆሞ ተመለሰ። ሲነጋ ካራሱሃማ የነበረችበት ስፍራ ጭቃና የተሰባበረ ጣውላ ሆኖ ታየ። ፖስታ ቤቱ ከነመሠረቱ ተጠርጎ ሄዷል፤ የቴሌግራፍ ሠራተኛው ወጣቱ ሩኪቺም ሞቷል። ጄንኤሞን ጭናቸው ተሰብሮ በቤተ መቅደሱ ወለል ላይ ያቃስታሉ። ሴይሳኩ ካንድ ፍርስራሽ ስር ሁለት ሰው አወጣ፤ የፀሐይዋን ጭላንጭል ባየ ጊዜ ግን እጁን በሱሪው ጠርጎ ሽቅብ ወደ ጎጆው ሮጠ። ታዮ እጅጌውን ያዘችው።

«ሰው ከጣውላ ስር እየተጣራ አንተ ወዴት ነው?»

«የቴሌግራፉ ሽቦ ተበጥሷል፣ መንገዱም ተንዷል። በሕይወት መኖራችንን የሚያውቅ የለም። ኡራቤ አሁን ማዳመጫውን በጆሮው ላይ እየደፋ ነው።»

«ከያዙህስ?»

«ያኔ እናያለን።»

ጣቱ በብርድ ደንዝዞ ነበር፤ በአፉ እያሟሟቀ መታ፤ «ካራሱሃማ ጠፋች። ሐኪም። እህል። ልብስ። መግቢያው በባሕር ብቻ ነው።» ከብዙ ጩኸት ውስጥ የኡራቤ መልስ ቀጥኖ መጣ፤ «ሰማሁ። አንተስ ደህና ነህ?» ሴይሳኩ ጥሪውን ደገመው፤ ሠለሰው፤ ባትሪው እስኪዳከም ድረስም አልተነሣም። በታች ፍርስራሽ የሚቆፍሩት ሰዎች የኩማጋይ አማች መጥፋቱን ልብ አሉ።

በማግስቱ የጦር መርከብ ከወሽመጡ አፍ ላይ መልሕቋን ጣለች። ሐኪም፣ ሩዝና ብርድ ልብስ ወረደ፤ የጄንኤሞንንም እግር የመርከቧ ቀዶ ሐኪም ከመቆረጥ አዳነው። በሴንዳይ ግን አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ጥሪውን ያደረሰላቸውን ኡራቤን ጠየቀው፤ «ይህን ጥሪ ማን ላከው?» ኡራቤ ወዳጁን ለወኅኒ አሳልፎ እንዳይሰጥ ፈርቶ፣ «የመንደሩ ፖስታ ቤት ነው፣ ጌታዬ» አለ። ውሸቲቱ ቸርነት ነበረች፤ እግር አውጥታ ሄደች። ጋዜጠኞች መንደሩ ገብተው የቴሌግራፍ ሠራተኛው መሞቱን ሲሰሙ፣ «እስከ መጨረሻይቱ ትንፋሹ ከመሣሪያው ያልተነሣው ሩኪቺ» ብለው ጻፉ። የመንደሩ ሹምም በቤተ መቅደሱ ደጃፍ የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲቆምለት አዘዙ።

በጋ ሲገባ፣ ለአዲሶቹ ቤቶች ከፍ ያለ ቦታ ሊመርጡ ኮረብታውን የወጡ ሹማምንት የአየር ሽቦውን አዩ። ፖሊስ ጎጆውን ከፈተ፤ ሴይሳኩም እስከ ፍርዱ ቀን ከቤት እንዳይወጣ ታዘዘ።

ጄንኤሞን በከዘራ ተደግፈው ከፊቱ ቆሙ።

«ያ የድኻ ልጅ ለሰው ብሎ ከሥራው ላይ ሲሞት፣ አንተ እላይ ቁጭ ብለህ በመጫወቻህ ትጫወት ነበር! እኔን ያዳነኝ ሩኪቺ ነው። አንተ የቤቴን ስም አፈር አስጋጥከው።»

ታዮ አፏን ስትከፍት ሴይሳኩ በዓይኑ ከለከላት። ተስፋ ነበረውና ነው፤ ኡራቤ ነገሩን ሰምቶ በባቡርና በጀልባ መጥቶ ነበር። ሁለቱ ወዳጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ፤ ኡራቤም ጎንበስ ብሎ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ለዳኛው እውነቱን እነግራለሁ» አለው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሩኪቺ እናት ቶሜ በበትር እየተመረኮዙ መጡ።

«ምነው እማማ ቶሜ፣ በዚህ ጉልበትዎ? ልኬ ባስመጣሁዎት።»

«ለልመና የመጣ ሰው ተልኮ አይመጣም፣ ልጄ። ያን ጥሪ የላክኸው አንተ ነህ።»

ሴይሳኩ ደግፎ ከምንጣፉ ላይ አስቀመጣቸው።

«ልጄ ምድር እንደተንቀጠቀጠች ከፖስታ ቤቱ ሮጦ መጣ። ያን ሌሊት ተረኛ ነበር። 'እማዬ፣ ነይ እዘልሻለሁ' አለኝ። 'ተወኝ፣ እኔ አሮጊት ነኝ' ስለው፣ 'ሁልጊዜ አሮጊት ነኝ ትያለሽ፣ ስትከብጂ ግን ወጣት ነሽ' ብሎ አሳቀኝ። በዚያ ሰዓት፣ እየው! አዝሎ ከቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ አስቀምጦኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ውሃው መንገድ ላይ ነው ያገኘው።»

«ታዲያ ከዚህ የሚበልጥ ምን ጀግንነት አለ?»

«ለእናት ነው ጀግንነቱ። ለመንግሥትማ ሥራውን ጥሎ የሸሸ ነው። ነገ ያ ከሴንዳይ የመጣው ወዳጅህ ለዳኛው ሲናገር፣ 'ታዲያ ሩኪቺ የት ነበር?' ማለታቸው አይቀርም። ድንጋዩን ይነቅሉታል።» ግንባራቸውን ከምንጣፉ ነኩ። «አንድ ጊዜ ሞቶብኛል። ሁለተኛ አትግደልብኝ።»

«እርስዎስ ይህን ይዘው እንዴት ይኖራሉ?»

«እንጃ። መኖር ከተባለ።»

ሴይሳኩ አሮጊቷን ቀና አደረጋቸው፤ ኡራቤንም አስጠርቶ፣ አንዳች እንዳይናገር በወዳጅነታቸው አስማለው። ኡራቤ አለቀሰ፤ ቢሆንም ማለ።

በማግስቱ ዳኛው ጠየቁ፤ «ያ መዓት በደረሰበት ማለዳ፣ ወገንህ በጭቃ ውስጥ ሲጣራ፣ የት ነበርክ?»

«ከጎጆዬ ነበርሁ፣ ክቡር ዳኛ።»

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ከመሣሪያዬ ጋር ነበርሁ።»

ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ አጉረመረመ፤ አንድ ድምፅም «ከውሻ ይከፋል!» አለ። እስራት ተፈረደበት፤ ጄንኤሞንም ከቤተሰቡ መዝገብ አስፋቁት፤ ከታዮም አፋቱት። ወደ ወኅኒ በሚወስደው ጀልባ ሲሳፈር ታዮ ወደ ዳርቻው ወረደች። ታለቅሳለች ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

«ለሞተው አዘንክ፤ ለእናቱም አዘንክ» አለችው። «እኔንስ ማን ይዘንልኝ ብለህ ነው? አንድ ቃል ብትፈቅድልኝ ባል ይኖረኝ ነበር።»

ጀልባው ተንቀሳቀሰ።

ሴይሳኩ ከወኅኒ ሲወጣ ወደ ሆካይዶ ተሻግሮ በአንድ የወደብ ከተማ ሚዛን ጠጋኝ ሆነ። ጦርነት መጣ፤ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት ለሚወዱት ሁሉ የራዲዮ ፈቃድ መስጠት ጀመረ፤ በየጣሪያውም የአየር ሽቦ ተዘረጋ። እሱ በስሩ ያልፍ ነበር፤ ዳግመኛ ግን መሣሪያ አልነካም። ኡራቤም ከመሐላው በኋላ ማለዳ ማዳመጥ ተወ።

ድንጋዩ ዛሬም ቆሟል፤ ሩኪቺ ከመሣሪያው ሳይነሣ መሞቱን ይናገራል። የመርከቧም መዝገብ «ከመንደሩ በቴሌግራፍ በደረሰ ጥሪ» ይላል። ታሪክ ላንዱ ያላደረገውን ሰጠው፤ ከሌላው ያደረገውን ነሣው፤ ከሁለቱም በላይ ግን የተቀጣችው በመታሰቢያው ዕለት ከፊተኛው ወንበር የምትቀመጠው የሩኪቺ እናት ነበረች። በየዓመቱ ሹማምንቱ ስለ ልጇ ጀግንነት ሲናገሩ እየሰገደች ታመሰግናለች፤ እናቱን አዝሎ ደረጃውን ስለወጣው፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ስላሳቃት ልጇ ግን፣ እስክትሞት ድረስ ለማንም አንዲት ቃል መተንፈስ አልቻለችም።