ባለ አንድ ዓይኑ መንገደኛ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ሰዓቱ እንደ አሁኑ ነው፤ ዓይን ቢወጉ የማይታይበት ጨለማ። በዚያ ጨለማ አንድ ሰው ከሩቅ ኮረብታ፣ ሰው በማይሄድበት መንገድ፣ ብቻውን ይመጣል። ጀርባው ላይ ሥዕል አዝሏል። ገላጋይ ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው።

ብቻውን ምን አስኬደው? ሚስቱን ወለላን የአገር ናፍቆት አልጋ ላይ ጥሏታል። እህል አልቀምስም ብላለች። «ኮረብታችንን ሳላየው ልሞት ነው» አለችው። እሷ መሄድ አትችልም። ስለዚህ እሱ ሄዶ ኮረብታውን በዘይት ቀለም ሣለላት።

ሥዕሉን ከአልጋዋ ፊት አቆመው። ወለላ አየችው፤ ቀና አለች፤ በላችም። ከዚያ ምን አለች?

«ገላጋይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው ሰውዬ ማነው?»

እሱ ሰው አልሣለም። ቀረብ ብሎ አየ። የገብስ ፍሬ የሚያህል ሰው፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ የቆመ፣ አንድ ዓይን ብቻ ያለው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ዓይን ያለው ማነው? ታውቃላችሁ። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሰይጣን በጎን።

በማግስቱ ሰውየው ወርዷል። በሦስተኛው ቀን ኮረብታው ግርጌ ደርሷል። ይራመዳል፤ ፊቱ ግን ወደ ጎን ነው።

«አቃጥለው» አለችው ወለላ።

እንዴት ያቃጥለው? ገና እህል መቅመሷ ነው። ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሠዓሊነቱ አሳተው። «ሁለተኛ ዓይን ልጨምርለት፤ ጻድቅ ይሁን» ብሎ ብሩሹን አነሣ። ሁለተኛው ዓይን እንዲታይ ደግሞ ፊቱን ከሥዕሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ቤቱ አዞረው። አያችሁ ስሕተቱን? ያ ፍጡር እስከዚያ ድረስ ቤቱን አላየውም ነበር።

ሌሊት ገላጋይ ባነነ። ኩራዝ ለኮሰ። ሥዕሉ ላይ ሰውየው የለም። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ከሥዕሉ እስከ አልጋው አረንጓዴ የእግር ዱካ ወለሉ ላይ ታትሟል። አልጋው ባዶ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ጀርባዋን የሰጠች አንዲት ሴት ኮረብታውን ሽቅብ ትወጣለች።

«ወለላ» አላት። አልዞረችም። በሩን ከፍቶ ወደዚያ ኮረብታ ብቻውን ሮጠ።

እኔ አልፈርድበትም። ሚስቱ ናት፤ እንዴት ይቅር? ግን አንድ ጎረቤት ቢቀሰቅስ ምን ነበረበት?

ጠዋት ጎረቤቶቹ መጥተው ሥዕሉን አዩት። ሦስት ሰዎች ነበሩበት። ሦስቱም ቁልቁል እየወረዱ ነው፤ ፊታቸውም ወደ መንደሩ ዞሯል።

ስለዚህ በዚህ ጨለማ ማንም ብቻውን አይሂድ። አንተ፣ ወዴት ነው? ተቀመጥ። አብረን እንወጣለን።