የፈረንጁ ጥያቄ

ወንጌላዊት በቀበሌው አዳራሽ መስኮት ሥር ቆማ የጓደኛዋን የፈትያን ድምፅ ስትሰማ ደሟ ፈላ። ፈትያ ለፈረንጁ የምትነግረው የራሷን ሳይሆን የወንጌላዊትን ታሪክ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ውሃ እንደምትቀዳ፣ ታናሽ ወንድሟን ያ ውሃ በየክረምቱ ሆዱን እያመመ አልጋ ላይ እንደሚጥለው፣ አንዱም ሳይቀራት ታወራለች። በአባቷ ሱቅ ጓሮ ቧንቧ እያላት፣ በዕድሜዋ ጀሪካን ተሸክማ የማታውቀው ፈትያ።

ፈረንጁ የአዋሳን የውሃ ችግር ሊያጠና የመጣ የውጭ አማካሪ ድርጅት ሰው ነው። ለክረምቱ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው የሚያነጋግር አንድ ተማሪ ይፈልጋል። የገባውን ሁሉ በአስተርጓሚው በጋሽ ጉልላት በኩል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ «ከእኛ ጋር መሥራት ለምን ፈለግሽ?»

ቀድሟት የገባው ተማሪ ሞገስ ሰፊውን ሕዝብ ለማገልገል ነው ብሎ የስብሰባ መፈክሩን ለቀቀው። ወንጌላዊት ደግሞ ተራዋ ሲደርስ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ፣ «ብዙም አላውቅም፤ የሰጣችሁኝን እሠራለሁ» አለች። አባቷ ራስን ማሞገስ ነውር ነው ብለው ነው ያሳደጓት። ሽማግሌዎች ፊት ቢሆን ይህ መልስ ያስመርቃት ነበር። ፈረንጁ ግን ፍላጎት የሌላት መስሎት አመስግኖ ሸኛት። ያ ውሃ የስንቱን ቤት ልጅ እንደሚያሳምም ጠይቃ ማወቅ እንደምትፈልግ የነገረችው ትናንት ለፈትያ ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተና ፈትያ ፊቷ በርቶ ወጣች። ፈረንጁና ጋሽ ጉልላት ከኋላዋ ናቸው። መልሷ ስለማረከው፣ ውሃ የምትቀዳበትን ቦታ አሁኑኑ እንድታሳየው ጠይቋታል።

ፈትያ ወንጌላዊትን ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ፣ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ውሃው ጋ ለመድረስ በሐይቁ ዳር ባለው ደንገል መሃል በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለች። «አታክብጂው፤ እኔ ከተቀጠርኩ ላንቺም እነግርልሻለሁ።»

ወንጌላዊት በፈትያ ተናደደች። አፍ ያለውን ብቻ በሚሰማው ፈረንጅም ተናደደች። ከሁሉ በላይ ግን አንገቷን በደፋችው በራሷ በገነች። ዝም ብትል ፈትያ ደንገሉ ውስጥ መግቢያ አጥታ ስትንከራተት ታያት ነበር፤ ማየቱም ደስ ይላት ነበር። ግን ያኔም ቢሆን ስለ ወንድሟ እውነቱን የሚናገር አይኖርም።

«አንቺ ወንድም አለሽ እንዴ?» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ፈትያ የያዘችውን ክንድ ለቀቀች።

ወንጌላዊት አልፋት ሄዳ ፈረንጁ ፊት ቆመች። አሁን አንገቷን አልደፋችም።

«ጋሽ ጉልላት፣ ቦታውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ አሳያችኋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ያንን ጥያቄ እንደገና ይጠይቁኝ።»