ደህና ናት ያለው ማሽን

ሕፃኗ ስትሞት ማሽኑ «ደህና ናት» ይል ነበር። መርማሪዋን ከቢሮዋ ያስጠራት ይኸው ነው።

«ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ምናልባት የወለዳት አባቷ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ካልቀዳች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት።

ነገሩ የደረሰው የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ጠዋት ገብተው፣ ታክመው፣ በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው በሚሄዱበት ክፍል ውስጥ ነው። የአምስት ዓመቷ ልጅ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ተኝታ ነበር። በጭኗ ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው የልቧን ቀዳዳ ደፈኑላት፤ ሥራው ሰመረ። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅባት እግሯን ሳታጥፍ በጀርባዋ መተኛት ብቻ ነበር። ቱቦው የገባበት የደም ሥር ግን ተከፍቶ ደሟ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። ፋሻው ላይ ጠብታ እንኳ አልታየም። ተረኛዋ ነርስ ከሥራ ታግዳለች፤ ክሱ ከጸና ወህኒ ይጠብቃታል።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ነርሷ፣ ገና ሳትጠየቅ።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ብርድ ልብሱን ገልጬ ፋሻውን አየሁ፤ ደረቅ ነው። በኋላ መጋረጃው ተዘጋ። እኔም ከጠረጴዛዬ ሆኜ የልብ ምቷን የሚቆጥረውን ማሽን ብቻ አየሁ። ፊቷን ማየት ነበረብኝ።»

«ማሽኑ ምን አለሽ?»

«መጀመሪያ አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ልጆች መቆንጠጫው የተሰካበትን ጣታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሁሌም እንዲያ ነው። ከዚያ የልብ ምቷ ሰባ ሁለት፣ ሰባ አራት። እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ ደስ አለኝ። በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ጮኸ።»

«ቀስ በቀስ ሳይወርድ?»

«በአንድ ጊዜ። ሮጬ ስደርስ እጇ በረዶ ሆኗል።»

«ለምን?» አለች ወይዘሮዋ፣ ለራሷ።

ሐኪሙ ደግሞ ሌላ ልጅ እያከመ እንደነበር ተናገረና አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እዚሁ ትደር ማለት ነበረብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?» መርማሪዋ በልቧ ሳቅ ቢጤ መጣባት፤ የሚያሳዝን ሳቅ። በዚህ ቤት ጥፋተኛ መፈለግ አያስፈልግም፣ ተሰልፎ ይጠብቃል።

እናቲቱ ኮሪደሩ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ጥፍሮቿ ጥቁር ሰማያዊ ተቀብተዋል።

«ቀለሙን የመረጠችልኝ እሷ ናት» አለች፣ መርማሪዋ ማየቷን አይታ። «ራበኝ ብዬ ወረድኩ። ልጄ እየሞተች እኔ እበላ ነበር።»

«ማን ጋ ትተሻት?»

«አባቴ ጋ። አደራ አባዬ ብዬ።»

አያትየው ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ራሳቸውን ያልወቀሱ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ወንበሩ ላይ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ነርሷ ትጠየቅ! ደመወዝ የሚከፈላት ለምኑ ነው?»

ወይዘሮዋ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባቴ» ብላ እጃቸውን ጨበጠች፤ ቶሎም አልለቀቀችም። ጣቷ አንጓቸው ላይ፣ ዓይኗ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ባዶው አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሲስተር፣ ደም እየፈሰሰው ያለ የአምስት ዓመት ልጅ ልቡ እንዴት ይመታል?»

«ይሮጣል። መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ…» ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«አንቺ ግን ሰባ ሁለት አየሽ። የሰከነ የአዋቂ ልብ። የልጅቷ ልብ ድምፁ ሲጠፋ ማሽኑ የሌላ ሰው ልብ ነበር የሚቆጥረው። ጣት ላይ የምትሰካውን መቆንጠጫ አንድ ሰው በራሱ ጣት ላይ አድርጓታል። ማሽኑ አንዴ ጮኾ ዝም ያለው ያን ጊዜ ነው። መቆንጠጫዋ ወደ ሕፃኗ ጣት ስትመለስ ደግሞ የሚቆጥረው ልብ አጥቶ ጮኸ።»

«ማን?» አለ ሐኪሙ።

«አንተ ሌላ ልጅ ላይ ነበርክ። ሲስተር መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ከጠረጴዛዋ እንዳልተነሣች የሌሎቹ ልጆች እናቶች አይተዋል። እናትየው ታች ነበረች፤ እዚህ ብትሆን እንኳ መቆንጠጫዋ በጥፍር በኩል በብርሃን ነው የምታየው፣ በዚያ ጥቁር ቀለም እንዲህ አጥርታ አትቆጥርም። ለምን አወለቃት? የደም ሥሯን የከፈተው እግሯ መታጠፉ ነው። የሕፃን እግር የሚታጠፈው ሲቀመጥ ነው፤ የታመመ ሕፃን ደግሞ የሚቀመጠው ሰው ጭን ላይ ነው።» ወደ አያትየው ዞረች። «አባቴ፣ ጠዋት እጅዎን ስጨብጥ ቆጥሬያለሁ። ጣትዎን ያውሱኝና ማሽኑ ይቁጠር።»

«አያስፈልግም።»

ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«እቀፈኝ አለችኝ። ጀርባዬን አመመኝ፣ እቀፈኝ። ያቺን ነገር ሳወልቃት ጮኸች፣ ጣቴ ላይ ባደርጋት ዝም አለች። እንዳይቆጡን መጋረጃውን ሳብኩ። ጭኔ ላይ እጥፍጥፍ ብላ ተኛች። እንቅልፍ መስሎኝ እሹሩሩ እላት ነበር። መልሼ አስተኝቼ ጣቷ ላይ ሳደርግላት ነው ያወቅኩት። አደራ በላሁ።»

«ማቀፍዎ ስሕተት ነው፣ አባቴ» አለች ወይዘሮዋ። «ይቺን ነርስ ወህኒ ለማስገባት መቁረጥዎ ግን በደል ነው።» ይህን ስትል እሷም ልቡ በጸጸት የቆሰለ ሽማግሌ ላይ የጨከነች መሰላት፤ ቢሆንም ቃሏን አላነሣችም።

እናቲቱ እስካሁን አላለቀሰችም ነበር።

«ታቅፋ ነው የሞተችው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«እኔኮ ብቻዋን መስሎኝ ነበር» አለችና እንባዋ ፈሰሰ። ከዚያ ተነሥታ ነርሷ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ነርሷ ቀድማ ያዘቻት፤ ተያይዘው አለቀሱ። ሽማግሌው እጆቻቸውን ዘርግተው ወደ ልጃቸው ተራመዱ።

«አሁን አይሆንም፣ አባዬ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «አትቀፈኝ።»