ሰላምታ የማትመልሰው ሴት

«ለልብስ የሚሆን እንዶድ ይኖርሃል?»

«ያለኝ አሮጌ ነው። አረፋ አይወጣውም።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ሀጀራ ከትከሻዋ ያንጠለጠለችውን የእንጨት መጭመቂያ አውርዳ ለበቅሎ አከራዩ ለቢሻው ሰጠችው። በሁለቱ ርብራቦች መካከል በጋዜጣ የተያዙ የደረቁ ዕፅዋት አሉ። የከላላ ገበያተኛ ቅጠል ለቃሚዋን የደሴ ልጅ ማየት ለምዷል። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

«ዛሬውኑ ይሂድ» አለችው።

ቢሻው መጭመቂያውን ከኮርቻው ጋር ጠፈረው። ጭነት ሲያስር የሚቸኩል ሰው አይደለም። ዛሬ ግን ቸኮለ።

«ግራጫ ጃኬት፣ ከጎመን ሻጮቹ ጎን» አለ ገመዱን እየሳበ። «ከመጣሽ ጀምሮ ዓይኑን ካንቺ አልነቀለም።»

ዞራ አላየችም።

መልእክቱ ከጋዜጣዎቹ በአንዱ ውስጥ ነበር። የዕፅዋት ሰው ናሙና ሲያደርቅ ቢያንስ አንዱን ቅጠል ገልብጦ ያስተኛዋል፤ ጀርባውም እንዲታይ። ሀጀራም ሁልጊዜ አንዱን ትገለብጣለች። በእነሱ ምልክት ያ ማለት ሰላም ነው። የዛሬው ናሙና ግን ቅጠሎቹ በሙሉ ፊታቸው ወደ ላይ ነው። አደጋ አለ፤ ድረሱ ማለት ነው።

ቢሻው በቅሎዋን እየጎተተ ሄደ። ግራጫው ጃኬት ወደ ሀጀራ ተንቀሳቀሰ።

ተራመደች። እሱም ተራመደ።

ፈጠነች። ፈጠነ።

ከገበያው ዳር አንድ ቁጥቋጦ አየች። ጎንበስ ብላ ከነስሩ ነቀለችው፤ አፈሩን እንደያዘ በሁለት እጇ ታቅፋ ወደ ሕዝቡ መሐል ተመልሳ ገባች። በዚህ አገር ለመድኃኒት ስር ነቅሎ የያዘ ሰው ሰላምታ አይመልስም፤ እሱንም ማንም ሰላም አይለውም። ቃል ከወጣው የስሩ ኃይል ይበተናል ይላሉ። እጁን እስኪታጠብ ድረስ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ዝም ብለው ያሳልፉታል። ገበያው ለሀጀራ መንገድ ለቀቀላት።

«እህት!» አለ ሰውየው ከኋላዋ። «እንዴት ዋልሽ? አንዴ ላናግርሽ!»

ገበያው በሙሉ ዞሮ አየው።

«ኧረ በአላህ!» አሉ አንዲት አሮጊት። «ስር የያዘችን ሴት ታናግራለህ? አንተ ከየት አገር የመጣህ ነህ?»

ሰዎች ከበቡት። እሱ ይቅርታ ሲጠይቅ ሀጀራ ከእህል በረንዳው ጀርባ ተሰውራ ነበር።

እውነተኛ ስሟ ሀጀራ አይደለም። መሥሪያ ቤቷ የሚያውቃት «ጥንጁት» ብሎ ነው። ጥንጁት እቃ አጥነውበት የሚጥሉት ቁጥቋጦ ነው። አለቃዋ በፍቃዱ ስሙን ሲያወጣላት ስቆ ነበር። እሷም ስቃ ነበር፤ ያኔ ገና አዲስ ነበረች።

ወደ መካነ ሰላም ያስላከቻት ደም ከልክል የሚሏት ትንሽ ተክል ናት። ከሼህ ከማሉዲን ቤት በላይ ባለው ገደል ላይ ትበቅላለች፤ ሌላ ቦታ አልተገኘችም። የሼሁ ቤተሰብ ቁርኣን ያስተምራል፣ ገደሉንም ይጠብቃል። ስትወልድ ደም አልቆም ያላት ሴት ካለች ከየመንደሩ ወደ እሳቸው ይሮጣል። አንዲት ስር ይነቅላሉ፤ እናቲቱን፣ ዘር የምትጥለውን ትልቋን ተክል፣ ግን አይነኩም። ይህን የሰሙ የውጭ አገር መድኃኒት ገዢዎች ተክሏን ከገደሉ ጨርሰው ነቅለው ብቻቸውን ሊይዟት ፈለጉ። የጥንጁት ሥራ ነቃዩን ማወቅና ገዢውን ከነተክሉ ማስያዝ ነበር።

የዕፅዋትን ትምህርት ያስተማራት ዶክተር አለምነው ነው፤ የመካነ ሰላሙ የዕፅዋት ጥናት ኃላፊ። ማንነቷን ያውቃል። የቅጠሉን ምልክት ያወጣውም እሱ ነው። ትወደው ነበር፤ ሰው ጥሩ መምህሩን እንደሚወደው።

የምታድረው ሼሁ ቤት ነው። ልጃቸው ረምዚያ ከሪያድ የተመለሰች ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ሙጀሂድ እዚያው ቀርቷል፤ ድምፁን ቀርጾ ይልክላታል፣ እሷም ለሆዷ ታሰማዋለች።

«አባትሽ ነው፣ ስሚው» ትላለች ስልኳን ሆዷ ላይ አስደግፋ። «ሀጀራ፣ አንቺስ የሚደውልልሽ የለም?»

«የለም።»

«አብሽሪ። እኛ አለን።»

ሀጀራ በሥራዋ ብዙ ዋሽታለች። ለረምዚያ ስትዋሽ ግን ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞር ነበር።

መልእክቱን በላከች በሳምንቱ ወደ ገደሉ ወጣች። ማንም አልደረሰም። ድንጋዩ ባዶ ነበር።

እናቲቱ እንኳ የለችም።

በመሣሪያ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች ብቻ ቀርተዋል። ሀጀራ ተቀመጠችና ጣቷን ከአንዱ ጉድጓድ ከተተች። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

በፍቃዱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ከከተማው ውጭ ካለ የባሕር ዛፍ ጫካ መኪናው ውስጥ ተቀመጡ።

«ሰላም ነው አልሽን» አለ በቁጣ። ናሙናውን ከነጋዜጣው ጭኗ ላይ አኖረው። «ይኸው! አንዱ ቅጠል ተገልብጧል።»

«እኔ አልገለበጥኩም።»

«እንግዲያው ቢሻው ነው። ምልክቱን ያውቃል፣ በእጁም ነበር። አስይዤዋለሁ።»

ሀጀራ ቅጠሉን አየችው። የራሷ ናሙና ነው። የደረቀ ቅጠል ሊገለብጡት ቢሞክሩ ይሰበራል፤ ይህ አልተሰበረም። ከበታቹ ጋዜጣው ላይ የደረቀ የውኃ ክብ አለ። አፍንጫዋን አስጠጋች። ሳሙና ይሸታል። የደረቀ ቅጠል የሚለሰልሰው በሙቅ ውኃና በሳሙና ጠብታ ነው፤ ከዚያ በወረንጦ ቀስ ተደርጎ ይገለበጣል። ይህን አንድ ሰው አስተምሯታል።

«ቢሻው የት አደረ?» አለች።

«ዝናብ ይዞት የዕፅዋት ጥናቱ ግቢ ውስጥ።»

ዓይኗን ጨፈነች።

«ቢሻውን ልቀቀው» አለች። «አለምነው ነው።»

በፍቃዱ ናሙናውን ከጭኗ አነሣ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሐዘኑን ዘሎ ወደ ሥራው ገባ።

«ያወቅሽ አይመስለው። ነገ ናሙና ጭኖ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ አንቺም ረዳቱ ነሽ። ስሩ ሳጥኑ ውስጥ ይሆናል። ገዢውን እስኪያገኝ ድረስ ሳጥኑ አይነካም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ የጥናቱ ግቢ ውስጥ መኪናው ተጭኖ አበቃ። አለምነው ኮፍያውን አስተካክሎ መሪው ጋ ቆሟል። አረንጓዴው ሳጥን ከሀጀራ ጀርባ ነው፤ በሽቦ ታስሯል። እርጥብ አፈር ይሸታታል።

ሼህ ከማሉዲን በበሩ ገቡ። ሮጠዋል። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወርዷል።

«ሀጀራ፣ ልጄ!»

«ምን ሆኑ፣ አባባ?»

«ረምዚያ ተገላገለች፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅቱ ደኅና ናት። ደሙ ግን አልቆም አለ።» ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «በቃሬዛ እያመጧት ነው፤ ዳገቱ ነው የከፋው። ወደ ገደሉ ብወጣ ጨርሰው ወስደውታል። አንቺ ቅጠል ስትለቅሚ አንዲት ስር አላስቀረሽም? ከነዚህ ውስጥ አንዲት?»

እጃቸው ወደ ሳጥኖቹ ተዘረጋ።

አለምነው ያያታል።

ሀጀራ ከሳጥኑ አልራቀችም፤ ክንዷን ብትዘረጋ ትነካዋለች። ሽቦውን ብትፈታ አለምነው ማወቋን ያውቃል፤ ገዢው ይጠፋል፤ ነገ በሌላ መንገድ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ለየትኛዋም ሴት ስር አይኖርም። ይህን ሁሉ አሰበችው። ረምዚያንም አሰበቻት፤ ስልኩን ሆዷ ላይ አስደግፋ።

«የለኝም፣ አባባ» አለች።

ሼሁ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እሺ። አላህ ያውቃል» አሉና ወደ ቃሬዛው ተመልሰው ሮጡ።

መኪናው ተነሣ።

ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ከደጋው ብርድ ወደ ዓባይ ሙቀት እየወረዱ አለምነው ብዙ አወራ። ደስ ብሎት ነበር። ደስታው ነው ይበልጥ ያስጠላት።

«ሃያ ዓመት ቅጠል ላይ የሌላ ሰው ስም ስጽፍ ኖርኩ» አላት። «ከሞቱ የቆዩ ፈረንጆች ስም። አንድ ቀን አንዲት ተክል በስሜ ብትጠራ ምን ይለዋል? እኔ ስሞት እሷ ስሜን ይዛ ትቆያለች። አንቺ ይህ አይገባሽም፤ ከዚህ በረሃም ለማንም መልእክት አትልኪም። በሥራሽ ስም የለሽም።»

«አይገባኝም፣ ዶክተር።»

ከድልድዩ በላይ ባለ ጥምዝ ላይ ነጭ መኪና ቆሟል። የመንገድ ሠራተኞች ዳር ላይ ድንጋይ ይጠርባሉ። ከነጩ መኪና መጀመሪያ ግራጫው ጃኬት ወረደ። ቀጥሎ መነጽር ያደረገ ጸጉረ ልውጥ። ገዢው እሱ ነው።

አለምነው አረንጓዴውን ሳጥን አውርዶ ሽቦውን ፈታ። ስሮቹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። መነጽራሙ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሀጀራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ለልብስ የሚሆን እንዶድ ይኖራችኋል?»

ሁሉም ዞሩ።

ከድንጋይ ጠራቢዎቹ አንዱ መዶሻውን ጣለ። ቢሻው ነበር።

«ያለኝ አሮጌ ነው» አለ። «አረፋ አይወጣውም።»

ሽጉጦች ወጡ። ግራጫው ጃኬት መሬት ላይ ተደፋ። መነጽራሙ እጁን አነሣ።

አለምነው ሳጥኑን አቅፎ ሮጠ።

የገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ።

«አትቅረቡ! እለቀዋለሁ!»

ሀጀራ ባዶ እጇን ዘርግታ ወደ እሱ ሄደች።

«ይልቀቁት፣ ዶክተር። ስምዎም አብሮ ይወድቃል።»

አለምነው ቁልቁል ወደ ገደሉ አየ። ከዚያ ተንበረከከና ሳጥኑን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«በምን አወቅሽ?»

«ቅጠሉ አልተሰበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰብረው ነበር።»

በፍቃዱ መጥቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «ጥንጁት፣ ጨረስሽው» አላት። እሷ የምታየው ቢሻውን ነበር። ቢሻው መዶሻውን አንሥቶ አፈሩን ይጠርጋል፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«ረምዚያ?» አለችው።

«አሁን ደወሉልኝ። ዳገቱ ላይ» አለ ቢሻው። «ከተማው ሳይደርሱ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ በፍቃዱ ሳይፈቅድላት፣ ሳጥኑን ይዛ ወደ ገደሉ ወጣች። ሼህ ከማሉዲንን ከቀብር መልስ እዚያው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ገመድ ይዘዋል። ቢሻው ነግሯቸው ይሆናል።

ሳጥኑን አዩት። ቀለሙን አወቁት።

«ትናንት መኪናው ላይ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ከጀርባሽ።»

«ከጀርባዬ።»

ከታች መንደሩ ውስጥ ሕፃን አለቀሰች። የምታጠባት ጎረቤት ሳትሆን አትቀርም፣ አባብላ ዝም አሰኘቻት።

«ረምዚያ ልጅቱን ሀጀራ በሏት ብላለች» አሉ ሼሁ። «ቃሬዛው ላይ ሆና። እንደ እህቴ ደግ ትሁን ብላ።» ፊታቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ አበሱ። «እኔ ይህን ስም ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ልጠራው ነው። የሞተች ልጄ የሰጠችውን አልለውጥም። አንቺን ይቅር ማለቴን ግን አትጠይቂኝ፤ ገና አላውቀውም።»

ያ ስም የእኔ አይደለም፣ ልትላቸው ፈለገች። ይህች ሀጀራ የምትባል ደግ እህት ኖራ አታውቅም፣ ልትላቸው ፈለገች። አፏን ስትከፍት ሼሁ የመጀመሪያውን ስር አንሥተው እጇ ላይ አኖሩላት። ስር ከተያዘ በኋላ አይወራም። ያን አውቀው ይሁን ሳያውቁ አልገባትም።

ገመዱን ወገቧ ላይ አሠሩላት። እሳቸው ከላይ ያዙ፣ እሷ ወረደች። በየጉድጓዱ ስሮቹን አንድ በአንድ መለሰች፣ አፈር ሞላች፣ በመዳፏ ደፈጠጠች። እናቲቱን ከሁሉም በፊት ተከለች። ገመዱ አንድ ጊዜ እንኳ አልላላም። ይህ ነው ያስለቀሳት፤ ገደሉ ላይ ተንጠልጥላ፣ ድምፅ ሳታወጣ።

ከዚያ በመካነ ሰላም ዋና መንገድ ወደ አውቶቡሱ ወረደች። እጇ እስከ ክርኗ አፈር ነው። የሚያውቋት ሁሉ አዩዋት። ባለ ሱቁ አየ፣ ሻይ ቤት በር ላይ የተቀመጡት አዩ። አፈሩን ሲያዩ መንገድ ለቀቁላት። ማንም ወዴት ነሽ አላላትም፤ ማንም ደኅና ሁኚ አላላትም።

ደሴ መናኸሪያ ስትወርድ ሌላ ስም፣ ሌላ መታወቂያ ጠበቃት። አጠገቧ ቲኬት የምትቆርጥ ሴት ፈገግ አለችላት።

«እንዴት ዋልሽ፣ እህቴ? ስምሽን ማን ልበል?»

ዝም አለች። እጇን ገና አልታጠበችም።